ሐተታን የሚወድ ሐተታን ይመርምር

በግእዝ በተጻፈው የፍልስፍና መጽሐፍ፣ በ«ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» የምናገኘው ሰው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ካቶሊክነት የመንግሥት ሃይማኖት ሆኖ አገር በታመሰበት ወቅት፣ አንድ ነገረኛ ሰው ንጉሡ ዘንድ ስለከሰሰው ከአክሱም አካባቢ ይሸሻል። ጥቂት ወርቅና ዳዊቱን ይዞ ተከዜ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ይቀመጣል። እዚያ ዳዊቱን ሲደግም፣ ከጸሎቱ መካከል ጥያቄ ይወጣል፦ ሁሉም የእኔ ሃይማኖት ነው ትክክሉ ካለ፣ ዳኛው ማን ሊሆን ነው? መልሱን ፈጣሪ ለሰው ሁሉ በሰጠው ልቡና ይፈልጋል፤ የሌላውን ሥርዐት ብቻ ሳይሆን ያደገበትን ጾምና ምንኩስና ሳይቀር ይመዝናል። በድምዳሜዎቹ መስማማት ግዴታ አይደለም። እኔን የሚይዘኝ ሚዛኑን ወደ ራሱ ማዞሩ ነው። የባላጋራውን እምነት ብቻ የሚመረምር ሰው ምንም ያህል ቢማር ጠበቃ እንጂ እውነት ፈላጊ አይባልም።

ምርመራ እምነትን ያናጋል የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው መሠረተ ቢስ አይደለም። ይሁን እንጂ የሐተታው ሰው መጠየቅ ከጀመረ በኋላም መጸለዩን አልተወም፤ ከዋሻው ወጥቶ እንፍራንዝ ሲገባም ዳዊት እየጻፈ፣ ልጆች እያስተማረ በላቡ ኖሯል። የሚከብደኝ ሌላ ነገር ነው። በሰው ፊት እንደ ክርስቲያን እየታየ በልቡ ሌላ ያምን እንደነበር ራሱ ይናገራል። እውነትን ያን ያህል የፈለገ ሰው ያገኘውን ደብቆ መኖሩ ያስቆጫል፤ መደበቁን አለመሸሸጉ ግን ያስከብረዋል።

ሚዛኑን ወደ ራስ የማዞር ፈተናው አሁን ወደ እኛ መጥቷል። መጽሐፉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ፈረንሳዊው ተመራማሪ አንቷን ዳባዲ የላከው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 ጣሊያናዊው ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ፣ ደራሲው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው ሲል ጻፈ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ የምንመልሰው በቁጣ ነው፦ ፈረንጅ ፍልስፍናችንን ሊነጥቀን ነው እንላለን። ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኮንቲ ሮሲኒ በቅኝ ግዛት ዘመን ኤርትራ ውስጥ ባለሥልጣን የነበረ ሰው ነው፤ ኢትዮጵያዊ ይህን ሊያስብ አይችልም የሚለው ንቀትም በዚያ ዘመን እንግዳ አልነበረም። ዳሩ ግን የተናጋሪው ዓላማ መጥፎ መሆኑ የተናገረውን ሐሰት አያደርገውም። ማስረጃ የሚመለሰው በማስረጃ ነው።

ይህንንም ያደረጉ አሉ። የፍልስፍና ምሁሩ ክላውድ ሰምነር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ግእዙን ከሚሲዮናዊው ሌሎች ጽሑፎች ጋር እያነጻጸሩ መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ መሆኑን ተከራከሩ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ መጀመሪያ ተጠራጥረው፣ በኋላ ሐሳባቸውን ቀይረው የድርሰቱን መነሻ ለኢትዮጵያዊ ሰጡ። ስለ ግእዝ እንደ እሳቸው የሚያውቅ ጥቂት በሆነበት አገር፣ አንድ ሊቅ በአደባባይ «እንደገና አይቼዋለሁ» ማለቱ ለእኔ የክርክሩ ትልቁ ሥነ ምግባራዊ ትምህርት ነው። በመጀመሪያው ቢጸኑ ወይም ከጅምሩ የሕዝቡን ስሜት ተከትለው ቢሄዱ ይቀላቸው ነበር።

«ታዲያ የፈረንጅ ሥራ ሆኖ ቢገኝ ምን ይተርፈናል?» ለሚለው ጥያቄ መልሴ አጭር ነው። ቅኔው፣ አንድምታው፣ የሊቃውንቱ ክርክር በአንድ መጽሐፍ አልቆመም። የዋሻው ጥያቄም ማንም ይጻፈው መልስ ይፈልጋል። የኢትዮጵያዊ ከሆነም፣ እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ፣ ምርመራ አይጎዳውም። ስለዚህ መምህራን ሐተታን ሲያስተምሩ የኮንቲ ሮሲኒን ክስና የሰምነርን መልስ አብረው ለተማሪው ያቅርቡለት፤ ሁለቱን አንብቦ ራሱ ይፍረድ።