ቀበሮ በአዳራሽ አይጠበቅም

በአገራችን የዱር እንስሳት ጥበቃ ሥራ ውስጥ አንድ ልማድ ሥር ሰዷል። አነስተኛ ድርጅት ገንዘብ ባገኘ ቁጥር የመጀመሪያ ዕቅዱ «ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ ማስጨበጥ» ይሆናል። አዳራሽ ይከራያል፣ ባነር ያሳትማል፣ የውሎ አበል ይከፍላል። ከከተማ የመጣ ባለሙያ ከብት አርቢዎችን ፊቱ አስቀምጦ ስለ ብዝኀ ሕይወት ሲያብራራ ይውላል። ሪፖርቱ ላይ «ወንድ፣ ሴት፣ ድምር» ተሞልቶ ፋይሉ ይዘጋል። ይህ መቆም አለበት የምለው ገንዘብ ስለሚያባክን ብቻ አይደለም። የቆመበት ሐሳብ ራሱ ስሕተት ነው። እንስሳቱ የሚጠፉት አብሯቸው የሚኖረው ሰው ስለማያውቅ ነው ብሎ ይነሳል።

የመንዝን የጓሳ ደጋ እንይ። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል፤ በድርቅ ዓመት ደግሞ ለከብት መጠጊያ ነው። የመንዝ ሰው ይህን ደጋ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ሲጠብቀው ኖሯል። ለዓመታት ይዘጋዋል፣ ሣሩ እስኪያገግም ማንም ድርሽ አይልም፣ ሲከፈት ባለመብቱ ገብቶ ያጭዳል፣ ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። ስለ ቀይ ቀበሮ ሥልጠና የሰጠው አልነበረም። ሣሩን ለራሱ ብሎ ጠበቀ፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም አብረው ተጠበቁ። ሥርዓቱ የፈረሰው በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት ለውጥ ነው። አዋጁ በሌላ በኩል ለጭሰኛው ያመጣለትን አልዘነጋም። ነገር ግን በዚያ ዓመት ከመንዝ ሰው ጭንቅላት የጠፋ እውቀት የለም። የጠፋው «አትግባ» የማለት ሥልጣኑ ነው። ጓሳ ዛሬ እንደገና የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ የቆመው ያ ሥልጣን በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ፣ ከክልሉ እውቅና ጋር፣ ስለተመለሰለት ነው። እንዲህ ያለውን ሕዝብ አዳራሽ ሰብስቦ ስለ ጥበቃ ማስተማር ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለው ዓይነት ነው።

ነገሩ የሩቅ ተራራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ የሚኖር ሰው የጅብ ድምፅ ሌሊት ከአጥሩ ሥር ይሰማል። በከተማው ምዕራብ ጫፍ ከብት የሚያረቡ የአንድ አባትን በረት በክረምት አይቻለሁ። የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹ ከሥራቸው በስብሰዋል፣ ክፍተቱ በዛገ ቆርቆሮ ተደፍኗል፣ በሩ በገመድ ታስሯል። ጅቡ ከቆርቆሮው ሥር ምሶ ገብቶ ጥጃ ወስዷል። ሰውየው ጭቃው ላይ ያለውን ዳና እያሳዩ ስንት እንደመጡና በየትኛው ገደል እንደተመለሱ ነገሩኝ። እኒህ ሰው ስለ ጅብ የጎደላቸው እውቀት የለም። የጎደላቸው አጥር ነው። የአንድ ቀን የአዳራሽ ኪራይና የምሳ ወጪ ለዚያ በረት አዲስ ቋሚና ሽቦ ችሎ ይተርፋል። ጥጃ የሞተበት ሰው መርዝ ቢያስቀምጥ ደግሞ ጅቡ ብቻ አይሞትም፤ ጥንቡን የበላው አሞራም ይሞታል። ከአገራችን ጥንብ አንሳዎች በርከት ያሉት ዝርያዎች በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ የገቡ ናቸው።

ስለ አሞራ ካነሳን ቆሼን ማለፍ አይቻልም። የከተማው ቆሻሻ ለአሥርት ዓመታት ሲደፋበት ከኖረው ከዚያ ክምር ጥንብ አንሳውም፣ አባ ኮዳውም፣ ማታ ደግሞ ጅቡ ሲመገቡ ኖረዋል። ከዚያው ክምር ለቅመው የሚያድሩ ሰዎችም ነበሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። ያን ሐዘን ከእንስሳት ጥበቃ ጋር ማንሳቴ የሚከብደው ይኖራል። ግን ድሀውንም አውሬውንም እዚያ ያገናኘው ከተማው ቆሻሻውን የትና እንዴት እንደሚደፋ የወሰነው ውሳኔ ነው። በኮልፌ ቀራንዮ የጅብ ጉዳይ ከቆሻሻ አነሳስ ተነጥሎ አያውቅም። የሞተ አህያ መንገድ ዳር ስንት ቀን ይቆያል? የልኳንዳው አጥንት የት ይጣላል? ስለ ጅብ የሚቆረቆር ድርጅት ቲሸርት ከማደል ይልቅ እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ የወረዳውን ጽዳት ጽሕፈት ቤት ደጅ መጥናት አለበት። የውሳኔ ጉልበት በሌላ አገርም ታይቷል። ሕንድ ውስጥ አሞራውን የፈጀው ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት ነበር። እልቂቱ የቀነሰው መንግሥት መድኃኒቱን በ2006 እ.ኤ.አ. ለከብት እንዳይውል ካገደ በኋላ ነው። ምንም ያህል ባነር ቢሰቀል ያን አያመጣም ነበር።

ልማዱ ለምን አይለቅም? ሥልጠና ይቆጠራል፣ በበጀት ዓመቱ ውስጥ ያልቃል፣ ፎቶ አለው። የመስክ ሥራ ግን አያልቅም። በባሌ ቀይ ቀበሮዎቹን በ1980ዎቹና በ1996 ዓ.ም. የፈጀው ከውሻ የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ባለሙያዎች ከመንደር መንደር እየዞሩ ውሻ ይከትባሉ። ቡችላ በየዓመቱ ስለሚወለድ በየዓመቱ መመለስ አለባቸው። ባለቤቱ ውሻውን ይዞ የሚወጣው ክትባቱ ልጆቹንና ከብቱንም ስለሚያድንለት ነው። በዓለም ከ500 የማይበልጡት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከእንዲህ ያለው አሰልቺ ሥራ ብዙ ተጠቅመዋል።

ጥፋቱን ሁሉ ድርጅቶቹ ላይ መጫን ግፍ ነው። በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን ከበጀቱ 30 በመቶ የማይበልጥ ለአስተዳደር ይውላል ሲባል፣ የመጓጓዣና የክትትል ወጪ ሳይቀር በዚያ ይቆጠር ነበር። ተራራ ወጥቶ እንስሳ መቁጠር «አስተዳደር» ሆኖ የተቀጣበት ጊዜ ነው። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን 20 በመቶ ቢያደርገውም አስተዳደራዊ ወጪ የሚባለውን አጥብቦታል። ያ ሰበብ ዛሬ አይሠራም። ለጋሾችም የተሳታፊ ቁጥር መጠየቃቸውን ትተው የተጠገነው በረት በቀጣዩ ክረምት ቆሞ እንደሆነ፣ የተከተበው ውሻ ዳግም ተከትቦ እንደሆነ ይጠይቁ።

ትምህርት ጭራሽ ይቅር አልልም። የከተማ ልጅ አባ ኮዳን በድንጋይ ሲያባርር ማየት ያሳዝነኛል፤ ለእሱ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ መንገር ተገቢ ነው። ከአውሬ ጋር ለሚያድረው ሰው ግን የሚያስፈልገው ሌላ ነው። የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ የምትጽፉ የሥራ ባልደረቦቼ «ግንዛቤ» የሚለውን መደብ ሰርዙት። ገንዘቡን ለአጥር፣ ለክትባት፣ ከዚያው መንደር ተቀጥሮ ዓመቱን ሙሉ ለሚጠብቅ ሰው ደመወዝ አውሉት። በረቱ የማን ቀድሞ እንደሚታጠር የሚወስነው ኮሚቴም ከከብት አርቢዎቹ ይመረጥ፤ ቼኩንም እሱ ይፈርም።