ፍሬን ስህተት አይደለም

ሰሞኑን ስልካችሁ ላይ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሳያጋጥማችሁ አልቀረም። አንድ ዘናጭ ወጣት መሪ ጨብጦ ይቀመጥና «በስህተት ስንጠራቸው የኖርናቸው የመኪና ክፍሎች» ብሎ ይጀምራል። ፍሬን አይባልም፣ ብሬክ ነው። ፍሪሲዮን አይባልም፣ ክለች ነው። ማርሽ ሳይሆን ጊር። ከሥር ሰው ሁሉ «እናመሰግናለን፣ ተምረናል» እያለ ይጽፋል።

እኔ አላመሰግንም። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

የጋይንት ልጅ ነኝ። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ማሠልጠኛ በገባሁ ጊዜ፣ በመጀመሪያው የተግባር ቀን አሠልጣኙ ግራ እግሬ ሥር ያለውን እየጠቆመ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። «ፍሪሲዮን» አልኩ። ሳቀ። ኋላ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁትም ሳቁ። «አይ የገጠር ሹፌር! ክለች በል እንጂ!» ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ቃል መሸምደድ ሆነ። ስቲሪንግ፣ አክስለሬተር፣ ሪቨርስ፣ ኢንጂን ብሬክ። ደብተሬ ሞላ። ፈተናውንም አለፍኩ።

ክረምት ላይ አጎቴ ከነፋስ መውጫ ድንች ጭነው ወደ ወረታ ሲወርዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ደብረ ታቦርን አለፍ እንዳልን «እስኪ አንተ ያዘው» ብለው ፒካፑን ሰጡኝ። ወደ ዓለም በር የሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነን፤ ያካፋል። በአራተኛ ማርሽ እየተንደረደርኩ እግሬን ከፍሬኑ ላይ አላነሳሁም። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ፍሬኑ እግሬ ሥር እየላላ መጣ። አጎቴ አልጮሁም። «ፍሬን ሸራው እየነደደ ነው። ፍሪሲዮን ርገጥ፤ ሦስተኛ አስገባ፤ ልቀቅ። አሁን ደግሞ ሁለተኛ» አሉኝ። ሞተሩ አጓራ፣ መኪናው ረገብ አለ። ዳር ይዘን ቆምን። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ማሠልጠኛው ምን አስተማረህ ልጄ? በወጣህበት ማርሽ ውረድ አላሉህም?»

አላሉኝም። ያሉኝ «ኢንጂን ብሬክ» ነው። ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ እመልስላችሁ ነበር፤ ፈተናው ላይም መልሻለሁ። እጅና እግሬ ግን አያውቁትም። የአጎቴ ሦስት ቃል ሥራውንም ልኩንም ይዟል፦ ቁልቁለቱን ስትወርድ ያንኑ ዳገት ለመውጣት በሚያስፈልግህ ማርሽ ውረድ፣ ሞተሩ ይያዝልህ። ይህ ትምህርት እያለን ነው እንግዲህ በ«ገጠር ሹፌር» የምንሳሳቀው።

«ፍሬንስ የውጭ ቃል አይደለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ነው እንጂ። ጣሊያንኛ ነው። ማርሽ፣ ጎማ፣ ታርጋ፣ ፍሬቻ፣ ባሌስትራ፣ ስፖኪዮ፣ ሁሉም ከዚያው ናቸው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር መንገድ ሠሪውንም፣ የጭነት መኪናውንም፣ መካኒኩንም ይዞ ነው የገባው። ለወራሪ ጥብቅና አልቆምም። ግን ወራሪው ተባሮ ከሄደ በኋላ ቃላቱን እጃቸው በግራሶ የጠቆረ የእኛው ሰዎች ወሰዷቸው፣ ጫፋቸውን ቆረጡ፣ በአማርኛ ግስ ጠመዷቸው። ፍሬን ይያዛል፣ ማርሽ ይገባል፣ ሞተር ይነሳል። ፍሬን ሲበላሽ ደግሞ እንደ በቅሎ እምቢ ይላል። «መንዳት» ራሱ ከአህያና ከከብት ኋላ የመጣ ቃል ነው። ይህን ሁሉ ያደረገ ቋንቋ ምኑን ተሳሳተ?

ሌላም ነገር አስቡ። በነፋስ መውጫ የሚያልፈውን የወረታ–ወልድያ መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናውያን ናቸው፤ ዛሬም «ቻይና መንገድ» እንለዋለን። ታዲያ የመኪና ቃላችን ለምን ቻይንኛ አልሆነም? ቃሉ ቀድሞ በሹፌርና በመካኒክ አፍ ገብቶ ስለነበረ ነው። ቃል የሚጸናው ከሥራ ጋር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው።

ልጅ ሆኜ ወደ እስቴና ስማዳ በክረምት ስንሄድ መኪናው ዳገት ላይ ጭቃ ይዞት ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሹፌሩ «ታኮ!» ብሎ ይጮኻል። ረዳቱ ቃሉ ሳያልቅ ዘሎ ጎማው ሥር ይወትፋል። በዚያች ቅጽበት የሚጮኸውና የሚዘለው አንድ ቃል ከሌላቸው ተሳፋሪው ገደል ነው። እዚያ ማንም ሰው «ትክክለኛ ስሙ ማነው?» አይልም።

ደግሞስ የትኛው እንግሊዝኛ ነው ትክክሉ? እኛ ኮፈን የምንለውን እንግሊዙ ቦኔት፣ አሜሪካዊው ሁድ ይለዋል። የዕቃ መጫኛውን አንዱ ቡት፣ ሌላው ትራንክ ይለዋል። አንዱ ሌላውን «የገጠር ሹፌር» ብሎ ከወንበሩ አያሳቅቀውም። የእኛ ሲሆን ግን «ስህተት» የሚለው ቃል ስለ ፍሪሲዮን አይደለም። ፍሪሲዮን ስለሚለው ሰው ነው። ትምህርት ያልጨረሰ፣ ከወደ ጋይንት የመጣ፣ ሸራ ጫማ ያደረገ ሰው ላይ ነው የሚሳቀው።

እንግሊዝኛው አያስፈልግም አላልኩም። ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው ማስጠንቀቂያ፣ የመኪናው መመሪያ፣ አውቶማቲክ ማርሽ ላይ የተጻፉት ፊደላት በእንግሊዝኛ ናቸው። ነገ ውጭ አገር ሄዶ የሚነዳም አለ። ይማረው! ግን በተማሪው ቃል ላይ ይደረብለት እንጂ የተማሪው ቃል አይነጠቅበት። አሠልጣኙ «ፍሪሲዮን፤ በእንግሊዝኛ ክለች ይባላል» ቢል ምን ይጎድልበታል? የሚተርፈውን ጊዜ ቁልቁለት ወስዶ ማርሽ መቀነስ ያለማምድበት።

እናንተ ቪዲዮ የምትሠሩትም፣ ስልካችሁን ይዛችሁ መናኸሪያ ውረዱ። ሃያ ዓመት የነዳ ሹፌር ፈልጉና ዝናብ ላይ እንዴት እንደሚወርድ ጠይቁት። እሱን ብትለጥፉልን ያኔ እኔም ከሥር «እናመሰግናለን፣ ተምረናል» ብዬ እጽፋለሁ።