ዝም አይነቅዝምን?

ሰሞኑን በምግብ አዳራሻችን ስለ ቺካጎው የቤዝቦል ቡድን፣ ስለ ኋይት ሶክስ፣ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንድ ጓደኛችን፣ «እውነተኛ ደጋፊ ቡድኑ ቢሸነፍ አያጉረመርምም፤ ዝም አይነቅዝም» ሲል ብዙዎች አጨበጨቡለት። እኔ ግን አልስማማም።

ይህ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ከተጫወታቸው 162 ግጥሚያዎች 121ዱን ተሸነፈ፤ 21ዱን በተከታታይ። ኒው ዮርክ ሜትስ እንኳ በ1962 የተሸነፈው 120 ጊዜ ነው፤ እርሱም ያን ጊዜ ገና የተቋቋመ ቡድን ነበር። ኋይት ሶክስ ግን በ2005 የሻምፒዮናውን ዋንጫ የበላ አንጋፋ ነው።

መሸነፍስ ነውር አይደለም። ነገር ግን ውድድሩ ሳይጀመር ዋናውን ኳስ ወርዋሪ ዲላን ሲስን ለሳን ዲዬጎ ሰጡ። በሐምሌ ፌዲን፣ ኮፔክንና ፋምን ለወጡ፤ ኮፔክ የሄደበት ዶጀርስ በዚያው ዓመት ዋንጫ በላ። በታኅሣሥ ደግሞ ክሮሼ ወደ ቦስተን ተሸኘ። «በምትካቸው ለነገ የሚሆኑ ወጣቶች አግኝተናል» ይባላል። መልካም! ታዲያ ለነገው ቡድን የዛሬው ደጋፊ ሙሉ የመግቢያ ዋጋ የሚከፍለው ስለ ምንድን ነው?

በመስከረም ተመልካቾች፣ ከ1981 ጀምሮ ባለቤት የሆኑትን ጄሪ ራይንስዶርፍን «ቡድኑን ሽጥ!» እያሉ ጮኹባቸው። ጓደኛችን ይህን ክሕደት ይለዋል። ተጫዋችን መለወጥ ለባለቤቱ ከተፈቀደ፣ ባለቤቱ ይለወጥ ማለት ለደጋፊው ስለ ምን ይከለከላል?

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ዝምታ አይነቅዝ ይሆናል፤ ዝም የተባለለት ቡድን ግን ነቅዟል።