የሲና ጦስኝና የወጣቶች እግር

ወደ ሲና ተራራ ለሚወጡ ወጣቶች ዘወትር የሚነገራቸው ስለ ድካሙ ነው። የተራራው ከፍታ 2,285 ሜትር እንደ ሆነ፥ ከቅድስት ካትሪን ገዳም በስተ ኋላ የሚጀምረው የድንጋይ ደረጃ 3,750 ያህል እንደሚባል፥ የሌሊቱም ብርድ ጽኑ እንደ ሆነ ይሰማሉ። እግራቸውን የት ማሳረፍ እንደሚገባቸው የሚነግራቸው ግን እምብዛም አይገኝም፤ ይህም ታላቅ ጉድለት ነው።

በዚያ ከፍታ ላይ፥ በዐለት ስንጥቅ መካከል፥ አንድ የጦስኝ ዓይነት ይበቅላል። ኢትዮጵያዊው ተሳላሚ ባሸተተው ጊዜ የደጋ አገሩ ትዝ ሳይለው አይቀርም፤ ስለዚህ እጁን ይዘረጋል፥ ለበረከት ብሎም ይቀጥፋል። ነገር ግን በዚሁ ጦስኝ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቢራቢሮ ትኖራለች። ከሲና ተራሮች በቀር በምድር ላይ ሌላ መኖሪያ የላትም፤ ትሏም የሚያድገው የጦስኙን እንቡጥና አበባ እየበላ ነው። ሙቀቱና ድርቁ ያጠቋት አንሶ፥ መንገድ ለማሳጠር ከደረጃው ወጥቶ ቁልቁል የሚሮጥ ወጣት በአንድ እርምጃ ቤቷንም ማዕዷንም ይረግጣል። ምን እንደ ረገጠም አያውቅም። በደሉ የእርሱ ነው ከማለት ይልቅ ሳያስተምር ይዞት የወጣው ሰው ነው ማለት ይቀላል።

«ምድረ በዳ ነው፤ ምን የሚበላሽ አለበት?» የሚሉ አሉ። የሚበላሸው ግን በዚያ ይብሳል። ዝናም በማይበዛበት አገር የብርቱካን ልጣጭ እንኳ ቶሎ አይበሰብስም፥ ደርቆ ይቀመጣል እንጂ። ክንድ የማትሞላ ቁጥቋጦም እዚያ ለመድረስ ብዙ ዓመት ፈጅታለች፤ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ተብላ ልትነድ አይገባም፥ ትንሽ ቡታጋዝ ይበቃልና። (ድንኳን በሸለቆ ወለል ላይ መትከል ደግሞ ከጥፋትም አልፎ ለነፍስ ያሰጋል፤ ደራሽ ውሃ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከሩቅ ይመጣልና።)

በበር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ይህን ሁሉ አያስተምርም። መንገድ የሚመራው የጀበሊያ በደዊ እግሩን የሚያሳርፍበትን እያዩ መከተል ከረጅም ተግሣጽ ይሻላል። ከጉዞው በፊትም ስንቁ ተፈትቶ ጠርሙሱና ፌስታሉ ይቈጠር፤ ሲወርዱም ያው ቍጥር ይገኝ። አስተማሪው ባዶ ከረጢት ይዞ ከሁሉ በኋላ ይውረድ፤ የራሱንም ጠርሙስ አስቀድሞ በዚያ ይክተት።