የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ከስግደቱ እስከ ቄጤማው

«እግዜርን የሚፈራ ሰው ፈልጉልኝ» ይላል ቤት አከራዩም፣ ሠራተኛ ፈላጊውም፣ ልጇን ልትድር የተነሣች እናትም። (እኛም ለዚህ እትም ጸሐፊ ስናፈላልግ ሳንለው አልቀረንም።) ቃሉ ከአፋችን ባይጠፋም፣ ፍርሃት እንዴት ሆኖ ደስታን እንደሚወልድ ግን ብዙም አንጨዋወትም። ይህን የፋሲካ እትም ስናሰናዳ ሲያሟግተን የከረመው እሱ ነው።

እኔ አንድ የስቅለት ዕለት ትዝ ይለኛል። አጠገቤ የነበሩ እናት ከጠዋት ጀምረው ሲሰግዱ ውለው ነጠላቸው በላብ ርሷል። ወደ ማታ ካህኑ ፊት ጎንበስ አሉ፤ ካህኑም በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን ቸብ ቸብ አድርገው ሌላ ስግደት አዘዙላቸው። እኔ ብሆን አለቅስ ነበር።

«እማማ፣ አልደከመዎትም?» አልኋቸው።

«ሰው ፊት ቆሜ መች እንዲህ ቀሎኝ ያውቃል ልጄ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው የልጅ ሳቅ ነበር።

በማግስቱ ቀዳም ስዑር ነው። ካህናቱ ቃጭል እያቃጨሉ ቄጤማ ይዘው በየሰፈሩ ሲዞሩ፣ ያ ትናንት መሬት ሲነካ የዋለ ግንባር ዛሬ ለምለም ቄጤማ ይታሰርበታል። ለኖኅ የውኃውን መጉደል ያበሠረችው ርግብ መታሰቢያ ነው።

በውስጥ ገጾቻችን ስለ ማሕሌትም ጽፈናል፤ በመቋሚያ ዝግ ብሎ የሚጀምረው ዝማሜ እንዴት በጭብጨባና በእልልታ እንደሚያበቃ፣ በዐቢይ ጾም ዝም ብሎ የሰነበተው ከበሮም የትንሣኤ ሌሊት እንዴት እንደሚመታ። እሱን በሌሊት ብታነቡት ይሻላል፣ ከዶሮው ወጥ በፊት።