ስለ አባት ዝናርና ስለ ሽጉጥ ማኅደር አያያዝ

የአባትን ዕቃ መጠበቅ የአባትን ስም መጠበቅ እንደ ሆነ የተከበሩ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ነገር ግን በውርስ ክርክር ጊዜ ርስቱና ጠመንጃው በዝርዝር ሲጻፍ፥ የቆዳው ዝናርና የሽጉጡ ማኅደር እንደ ኮተት ተቈጥሮ ወደ ጓዳ ሲጣል በጽሕፈት ሥራችን ብዙ ጊዜ ተመልክተናል። የመሣሪያው ነገር በአዋጅ ቍጥር 1177/2012 የሚተዳደር ስለ ሆነ ወደዚያ አንገባም፤ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ባዶው ቆዳ ብቻ ነው።

በመንዝ፥ በጊሼና በመርሐ ቤቴ ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. በነበረው የወረራ ዘመን አርበኛው ከታጠቀው ውስጥ አንዱ በአገር ፋቂ እጅ የለፋ ነው፤ ሌላው ከጠላት የተማረከ ነው። የኢጣልያ ወታደር የጥይት ኪስ አመድማ አረንጓዴ ቀለም የገባ ቆዳ ስለ ነበረ፥ ቀለሙ ራሱ ስለ ምርኮው ይመሰክራል። የረጅሙ የማውዘር ሽጉጥ ማኅደር ደግሞ ከእንጨት የተሠራ ሆኖ በቆዳ ማንገቻ ይያዛል፤ ከሽጉጡ ጋራ ሲጋጠምም እንደ ሰደፍ ያገለግላል። እንግዲህ ልጅ ዕቃውን ለማሳመር ብሎ ጥቁር ቀለም ቢቀባው፥ የምስክሩን አፍ ዘጋ ማለት ነው።

ቆዳን ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው የወዳጅ እጅ ነው። ቅቤ ወይም ዘይት አዘውትሮ መቀባት ለጊዜው ያወዛዋል፤ ኋላ ግን ቅባቱ አቧራ ይሰበስባል፥ አይጥ ይጠራል፥ ሲቈይም ቆዳውን ያጠቍረዋል። ከናስ ቍልፉ ጋራ ሲገናኝም አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ይህን ዝገት በደረቅ ጨርቅና በቀጭን እንጨት ቀስ ብሎ ማንሣት ይገባል እንጂ በአሸዋ ወይም በሎሚ መፈተግ አይገባም። ውሃና ሳሙናም አይንካው።

ሽጉጥን በማኅደሩ፥ ጥይትንም በዝናሩ ውስጥ አኑሮ ማቈየት ሁለቱን ይጎዳል። ቆዳው የተለፋበት ነገር እርጥበት ሲያገኝ ብረቱን ያዝገዋል፤ ዝገቱም ተመልሶ ቆዳውን ይበላዋል።

ደጋና ቆላም ልዩነት አላቸው። ጉም በሚያዘወትረው በመንዝ ደጋ ሻጋታ ይበረታል፤ ወደ ጀማና ወደ ወንጪት በሚወርደው በመርሐ ቤቴ ቆላ ደግሞ ድርቀትና ምስጥ ያሠጋል። የሻገተውን ከቤት አውጥቶ፥ አፍንጫን ሸፍኖ፥ በጥላ ሥር በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ነው። ከምድጃ በላይ መስቀል ወይም በፀሐይ ማስጣት ቆዳውን ያኰማትረዋል፤ ጢሱም ያበላሸዋል። ቀይ ዱቄት ማርገፍ የጀመረውን ቆዳ ምንም ቅባት አይመልሰውም፤ በንጹሕ አቡጀዲ ጠቅልሎ ማሳረፍ ብቻ ነው። ማኅደሩ ቅርፁን እንዳያጣ ውስጡን በታጠበ ነጭ ጨርቅ መሙላት ይገባል። ጋዜጣ ግን አይግባበት፤ የጋዜጣ ወረቀት ቆዳን የሚጎዳ ኮምጣጣነት ስላለው፥ ይህ ጋዜጣችንም ቢሆን ከማንበብ በቀር ለዚህ አይረባም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ቍራጭ ቆዳ ይበዛል የሚል ሰው ቢኖር፥ አመፀኛ ዋሻ የሚባለውን የዘረትን ዋሻ ያስታውስ። በሚያዝያ 1931 ዓ. ም. በኋላ ራስ የተባሉትን አበበ አረጋይን የተከተሉ ቤተ ሰቦች፥ ሴቶች፥ ሕፃናትና ቍስለኞች በዚያ ተጠግተው ሳሉ፥ የኢጣልያ ጦር በመርዝ ጢስና በጥይት ፈጃቸው። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ሲገቡ አጥንትና የቤት ዕቃ ስባሪ አገኙ፤ የማን እንደ ሆነ ግን አጥንቱ አይናገርም። ባለቤቱ የታወቀ አንድ ዝናር በአንድ ቤት ቢገኝ፥ ያ ቤት ምን ያህል የታደለ ነው!

ስለዚህ የቆዳውን ነገር ከሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳይሞቱ ጠይቆ መጻፍ ያስፈልጋል። ማን ታጠቀው? ከየት ተገኘ? ፋቂውስ ማን ነበር? ፋቂውን ሰው ሲንቀው ኖረ፤ አርበኛው ግን ያለ እርሱ እጅ ጥይቱን የሚይዝበት አልነበረውም። በዓይን የታየውንና በወሬ የተሰማውን ለይቶ፥ በእርሳስ በወረቀት ጽፎ፥ በክር አስሮ ከዕቃው ጋራ ማኖር ነው፤ በቆዳው ላይ መጻፍ ወይም በመርፌ መውጋት ግን አይገባም። የተበጠሰውን ማንገቻ በአዲስ አትለውጡት፤ በየት በኩል እንዳለቀ የሚያይ ሰው ባለቤቱ በየትኛው ትከሻው እንደ ተሸከመው ያውቃልና።