ይዞ የገባ ይዞ ይውጣ

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ የሚገኘው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ የአገሬው ሰው ዛሬም ደንቆሮ ጫካ የሚለው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የደቡብ ወሎ ሀብት ነው። ፓርክ ከመባሉ በፊትም የተጠበቀ ጫካ ነበር።

በሽርሽር ቦታዎች ስለሚጣል ቆሻሻ ሲነሣ ሁሉም የሚያማርረው ሃይላንድና ፌስታልን ነው። ተገቢ ነው፤ ከሣር ጋር የተዋጠ ፌስታል ከብት እንደሚገድል ገበሬው በደንብ ያውቃል። ዝግጅት ክፍላችንን ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ማንም ከቆሻሻ የማይቆጥረው የምግብ ትራፊ ነው። ሽርሽር የወጣ ቡድን ሥጋውን ጠብሶ ይበላል፤ አጥንቱን ከአስታው ሥር ወርውሮ «ይበሰብሳል» ይላል። ከመበስበሱ በፊት ውሻ ይደርስበታል። ውሻ የለመደው ቦታ ደግሞ ለቀይ ቀበሮ ሞት ነው። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ከውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ በአገሪቱ ያሉት አዋቂዎች ተደምረው 500 ያህል ቢሆኑ ነው። የቦረናዎቹ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ እንዲህ ያለውን መቅሠፍት አይችሉትም።

ስለዚህ «በፓርኩ ውስጥ የቆሻሻ በርሜል ይቀመጥ» የሚለውን ሐሳብ አንደግፍም። በየቀኑ የሚያነሣው ከሌለ በርሜሉ ራሱ የውሻና የጅብ መጥሪያ ይሆናል። የሚሻለው በመግቢያው ላይ መቆጣጠር ነው፦ ስካውቱ የገባውን ሃይላንድና ፌስታል ይመዝግብ፣ መያዣ ገንዘብ ይቀበል፣ ጎብኚው ትራፊውን ጭምር ይዞ ሲወጣ ይመልስለት። ለአስጎብኚውና ለሹፌሩም ኃላፊነት ይሰጥ።

ሕግ አልጠፋም። ስስ ፌስታልን የከለከለው አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚያግድ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። የጎደለው በር ላይ ቆሞ የሚያስፈጽም ነው። እስከዚያው፣ ከጫካው እንጨት ቆርጦ የተገኘ ገበሬ ሲጠየቅ ሃይላንዱን ጥሎ የሄደው እንግዳ በምስጋና ይሸኛል። ይህን እያየ ጫካውን እንዲጠብቅ ገበሬውን መምከር ያሳፍራል።

የመካነ ሰላም ማዘጋጃ ቤትም ከፓርኩ የሚወጣውን ቆሻሻ የሚቀበልበት ቦታ ያዘጋጅ፤ ወንዝ ዳር የሚደፋ ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው። የወረዳዎቹ እንስሳት ጤና ባለሙያዎች በፓርኩ ዙሪያ ያሉትን ውሾች ይከትቡ። በጸጥታው ችግር ምክንያት ጎብኚው የቀነሰበት ይህ ጊዜ ለዝግጅቱ ይመቻል፤ እንግዳው በብዛት መምጣት ከጀመረ በኋላ በር ላይ ሥርዓት ማስያዝ እጅግ ይከብዳል።